የውሰት ጎመን

እንደ እኛ አገር ሰው ዕቃ መዋዋስ የሚያውቅበት ሕዝብ በዓለም ላይ ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ። ብድር አላልኩም። ብድር ሌላ ነው፤ እሱን ባንክ ያለው አገር ሁሉ ይችልበታል። እኔ የምለው ውሰትን ነው። ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ሳሎኑ መሀል የተጎለተው ሶፋ የማን ነው? የጎረቤት ነው። ጠላው የቀረበበት ብርጭቆስ? የሌላ ጎረቤት ነው። የልጅቷ አባት የለበሱት ኮት እጅጌው ወደ ክርናቸው የሸሸው ለምንድን ነው? ባለቤቱ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ነው። ሽማግሌዎቹም ይህን ሁሉ አሳምረው እያወቁ ሶፋውን ያደንቃሉ፤ እነሱ የለበሱት ኩታም በማግስቱ የሚመለስ ነውና።

ውሰት ታዲያ ያልተጻፈ ሕግ አለው። አንደኛው የተዋሱትን በሰዓቱ መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ ከተዋሱ አይቀር ደህና ደህናውን መዋስ ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር ተውሶ እንግዳ ያስቀመጠ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው ሁለተኛው ሕግ ነው። ምክንያቱም እኔ የተዋስኩት ሶፋም ብርጭቆም አልነበረም። የተዋስኩት ጎመን ነው። ያውም ተቆርጦ ለድስት የተዘጋጀ ሳይሆን፣ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ መሬት ላይ ቆሞ የሚያድግ ጥቅል ጎመን። ሃያ ራስ ተዋስኩ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። የምንኖረው የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ነበር። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው አያት ያኔ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ሜዳ ነበር፤ ከላምበረት ወዲያ ማለትም ገጠር ማለት ነበር። ባለቤቴ ዓለምነሽና እኔ የነበረን ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ቢሆንም ግቢው ግን ሰፋ ያለ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ንድፍ እሠራ ነበር፤ ድራፍትስማን ይሉናል። ሥራዬ ሌሎች ያሰቡትን ቤት ወረቀት ላይ ማስመር ነው። ቀኑን ሙሉ ማንም የማይተኛባቸውን መኝታ ቤቶች ስከፋፍል ውዬ ቤቴ ስገባ እጄ ማስመሩን ይተዋል፤ ሐሳቤ ግን አይተወውም።

ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከእንጦጦ ባሕር ዛፎች መሀል ሹልክ ብሎ ይወርድና አጥራችንን ተሻግሮ ግቢው ውስጥ ይተኛል። እኔ በዚያን ሰዓት የውኃ ማጠጫዬን ይዤ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ከላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎቹ አይታዩም። የባሕር ዛፉ ሽታ ከእርጥቡ አፈር ሽታ ጋር ይደባለቃል። አለሁ እንዳልል የለሁም፤ የለሁም እንዳልል መቀመጫዬን በርዶኛል። ስንት ጊዜ ውኃው ጫማዬ ላይ ሲፈስ ቆይቶ ዓለምነሽ በመስኮት ብቅ ብላ «ጫማህን አጠጥተህ ስትጨርስ፣ የተረፈ ካለ ለአበባውም አድርግለት» ብላኛለች!

አጥሩ ጥግ፣ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቅጠላቸው ወፋፍራም የሆኑ ተክሎች ደርድሬ ነበር። እሬትንና እንዳሁላን በስማቸው አውቃቸዋለሁ። የቀሩትን ከእንጦጦ ቋጥኝ ሥር ፈልቅቄ ወይም ከሰው ግቢ ቆንጥሬ ያመጣኋቸው ስለሆኑ ስማቸውን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። እነዚህን ተክሎች እወዳቸዋለሁ። ውኃቸውን ቅጠላቸው ውስጥ ያጠራቅማሉ፤ ወር ሙሉ ቢረሷቸው አይቀየሙም። ለእኔ ቢጤ ሰው ሆን ተብለው የተፈጠሩ ይመስለኛል።

አትክልት ግን ከእኔ ጋር አይስማማም። ካሮት ዘርቼ ክር አብቅያለሁ። ሰላጣዬን ቀንድ አውጣ በላው፤ ያውም ተዝናንቶ፣ እኔ ቁጭ ብዬ እያየሁት። ቀንድ አውጣ ከአንዱ ሰላጣ ወደ ሌላው ሲሻገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ጠዋት ጉዞውን እስኪጨርስ ስጠብቅ ሥራ አርፍጄ ደመወዝ ተቆርጦብኛል። ደመወዜ መቆረጡ ያን ያህል አልቆጨኝም።

የግቢው ጌጥ ሦስት እግር ጽጌረዳ ነበር። አንዱ ደማቅ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ ሦስተኛው ጠዋት ቢጫ መስሎ ማታ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ የቀለሙን ስም ለመናገር የሚያስቸግር። የተከሏቸው የዓለምነሽ አባት፣ አማቴ ናቸው። አማቴ ሁለት ቤት ነበራቸው፤ አንዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ዓለምነሽ ተወልዳ ያደገችበት ቪላ ነው። ሌላዋ ይህች እኛ የምንኖርባት ናት። ትርፍ ቤት ሲወረስ አንዱን ይምረጡ ተባሉና ትንሿን መረጡ። ምነው ትልቁን አልመረጡም ሲባሉ፣ ትልቁን የመረጠ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል አሉ። ከቪላው የወጡ ዕለት ከጽጌረዳዎቻቸው ሦስት ዘንግ ቆርጠው፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ በብብታቸው ይዘው መጡ። እዚህ ተከሏቸው። የመጀመሪያውን አበባ አይተውና አሽትተው በዚያው ዓመት አረፉ።

ቪላው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዓለምነሽ በዚያ መንገድ አታልፍም። ገበያ ስትሄድ ሃያ ደቂቃ ዞራ በወንዙ በኩል ትሻገራለች። ለስብሰባውም፣ ለመታወቂያውም፣ ለስኳር ካርዱም ወደ ጽሕፈት ቤቱ የምሄደው እኔ ነኝ። ይህን ነገር ተነጋግረንበት አናውቅም። ማታ ማታ ግን ጽጌረዳዎቹን የምታጠጣው እሷ ናት፤ እኔ ማጠጫውን ካነሣሁ ዝም ብላ ትቀበለኛለች። ከአባቷ የቀራት እሱ ነው።

እንግዲህ በመስከረም መጀመሪያ ላይ ጓድ ተሰማ መጣ። ጓድ ተሰማ የቀበሌው የልማት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ዕድሜውን ሁሉ ጫማ ሲሠራ የኖረ፣ ከሌላ ከፍተኛ፣ ማለትም ከሌላ ወረዳ፣ ተዛውሮ እኛ ዘንድ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ የሆነ ሰው ነበር። ስለዚህ በሰፈራችን የትኛው ቤት የማን እንደ ነበረ አያውቅም፤ የሚነግረውም አልነበረም። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፉ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ክፉን ሰው ይሸሹታል። ጓድ ተሰማ ቅን ነው። ቅን ሰው ማስታወሻ ደብተር ይዞ ሲመጣ የት ይሸሻል?

ግቢውን ዞሮ ዞሮ ጽጌረዳዎቹ ዘንድ ቆመና ይህ ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይበላም፣ ይሸተታል አልኩት። «ይሸተታል» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ሰፊው ሕዝብ አሽትቶ እንደማያድር በትሕትና አስረዳኝ። መመሪያው ግልጽ ነበር፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በግቢው የሚበላ አትክልት ያለማል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በዚያ የጽጌረዳ መደብ ላይ አትክልት ካልታየ ጽጌረዳው ይነቀልና መደቡን ኮሚቴው ራሱ ያለማዋል። ቢታይ ግን ጽጌረዳው ዳር ዳሩን ቢቆም ግድ የለም አለ።

ዓለምነሽ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች።  ሰውየው ሲወጣ ሄደችና የቀዩን ጽጌረዳ ግንድ ጨብጣ ያዘችው፤ እሾሁን ረስታው ነበር። መዳፏን ሳይ ልቤ ተነካና እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ጽጌረዳ አይነቀልም ብዬ ማልኩ። ሲምሉ እንዴት ደስ ይላል! ሰውነቴን ሞቅ አለው። ዓለምነሽም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው አየችኝ።

ታዲያ በማግስቱ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ችግኝ ፍለጋ ወጣሁ? የለም። በማግስቱ ንድፍ ማውጣት ጀመርኩ። አትክልት ያለ ንድፍ እንዴት ይተከላል? ግቢውን በሜትር ለካሁ፤ በአንድ ለሃምሳ መለኪያ ወረቀት ላይ አሰፈርኩት። ጽጌረዳዎቹን መሀል አደረግሁና ጎመኖቹን በኮምፓስ አንድ በአንድ እየከበብኩ ዙሪያቸውን አስኬድኳቸው። ከዚያ የውኃ ቦይ ጨመርኩ። ቦይ ካለ ትንሽ ፏፏቴ ቢኖር ምን ይጎዳል? ፏፏቴ ካለ ድልድይ ያስፈልገዋል። ድልድዩ ላይ ቆመው ወደ እንጦጦ የሚያዩ ሁለት ትንንሽ ሰዎች ሣልኩ፤ አንዷ ሻርፕ አድርጋለች። በየማታው ቀለም እየጨመርኩ፣ እዚያ ድልድይ ላይ ስቆም ስሄድ፣ ቀኖቹ በየት በኩል እንዳለፉ አላየሁም።

በአሥራ አራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጨርሼ ለዓለምነሽ አሳየኋት። አየችው፤ አዙራ አየችው። ድልድዩ ላይ ያለችው ሴት ማን እንደሆነች ያወቀች መሰለኝ፤ ፊቷ ለስለስ አለ። ቀጥላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነገ ሲመጡ ወረቀቱን ልትተክልላቸው ነው?» አለችኝ። ለካ ነገ ነው!

ወደ ጋሽ ሸምሱ ሮጥኩ። ጋሽ ሸምሱ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ባለ ሱቅ ናቸው፤ ዕቃው ሁሉ ወደ ቀበሌ ሱቅ ከዞረ ወዲህ ግን በሱቃቸው ውስጥ የቀረው ጨው፣ ክብሪትና እሳቸው ብቻ ነበሩ። እጃቸው ሥራ መፍታት ስላልለመደ ጓሯቸውን ያዙ። ጓሯቸውን ያየ ሰው ይቀናል። ቆስጣው፣ ቀይ ሥሩ፣ ካሮቱ በሰልፍ ቆሟል፤ ጥቅል ጎመናቸው ደግሞ የልጅ ራስ ያክላል። ኮሚቴው ነገ እሳቸውም ዘንድ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ የሚፈሩት ነገር ስለሌለ ግን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

ጋሽ ሸምሱ፣ እባክዎ ጎመን ያውሱኝ አልኳቸው። ሳቁ። «ጎመን ይሰጣል እንጂ ይዋሳል እንዴ አንተ?» አሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቃቸውን ተዉ። አማቴን ያውቋቸው ነበር፤ ስለ ጽጌረዳው ብዙ ማውራት አላስፈለገኝም። ሃምሳ ችግኝ እሰጥሃለሁ፣ መመለስም የለብህም አሉኝ። በአሥራ አምስት ቀን ሊደርስ የሚችለው ችግኝ ነው፣ ሌላ ብታሳይ ማን ያምንሃል አሉ። ይህን ምክር ዛሬ ሳስበው እንከን አይወጣለትም። ያኔ ግን ያ ሁለተኛው የውሰት ሕግ ጆሮዬን ደፍኖታል። በአባቷ ጽጌረዳ ጉዳይ ለሚመጣ እንግዳ ችግኝ ይቀርባል? እግሩ የተሰበረ ወንበር ማለት እኮ ነው! የደረሰውን፣ የተጠቀለለውን፣ ትልልቁን ስጡኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ እሺ አሉኝ፤ ከመግሪብ ሶላት በፊት ግን እያንዳንዱ ወደየጉድጓዱ እንዲመለስ አስጠነቀቁኝ። ጉድጓዶቹን ሳልደፍን እጠብቃለሁ አሉ።

ጎህ ሲቀድ ሥራ ጀመርን። ጋሽ ሸምሱ ጎመኑን ከነአፈሩ በአካፋ ያወጣሉ፤ አፈሩ እንዳይረግፍ በሁለት እጃቸው አቅፈው በአጥሩ ሽንቁር ያቀብሉኛል። እኔ ደግሞ ንድፉን ድንጋይ ላይ ዘርግቼ በዙሪያው እተክላለሁ። ሃያኛው ሲተከል ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ቀና ብዬ አየሁ። ጎመኖቹ ጤዛ ተሸክመው፣ ጽጌረዳዎቹ ከመሀላቸው ብቅ ብለው፣ ያ ሁሉ ልክ ወረቀቱ ላይ እንዳሰብኩት ቆሟል። እኔ በሕይወቴ ያሰመርኩት ነገር መሬት ወርዶ ሲቆም ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ውሰት መሆኑን ረሳሁት። እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፏፏቴው የቱ ጋ ቢሆን ይሻላል እያልኩ ሳስብ ፀሐይ ወጣች።

ኮሚቴው ይመጣል የተባለው በሦስት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት አለፈ። ጎመን ደግሞ ቦታ ሲቀይር ሆዱ ይባባል መሰለኝ፤ በአራት ሰዓት የውጭ ቅጠሎቹ ለጥ ለጥ ማለት ጀመሩ። በአምስት ሰዓት ሃያውም አንገታቸውን ደፉ። ውኃ በጣሳ እያመላለስኩ አጠጣሁ፤ ያን ዕለት ጫማዬን አንድ ጠብታ እንኳ አልነካውም። ዓለምነሽ ጥቁር ጃንጥላ አምጥታ ለጎመኖቹ ጥላ ያዘችላቸው፤ አንዱን አምስት ደቂቃ፣ ሌላውን አምስት ደቂቃ። እሷን ራሷን ፀሐይዋ ታቃጥላታለች። አየኋትና እንዴት እንደምወዳት ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን ጎመን ሲያጠጡ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። በእኩለ ቀኑ ሙቀት ጽጌረዳዎቹ ፍንትው ብለው ተከፍተው ግቢው በሽታቸው ተሞላ።

በሰባት ሰዓት ጓድ ተሰማ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትሎ ገባ። መደቡን አየና ቆመ። ተንበረከከ። አንዱን ጎመን እንደ ጫማ ሶል በጣቱ አንኳኳው። ከዚያ ቀና ብሎ በአሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው ወይ ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እኔ አዎን ለማለት ስላፈርኩ ዝም አልኩ፤ እሱ ዝምታዬን ትሕትና ነው ብሎ ወሰደው። ከአባላቱ አንዷ ገጠር ያደጉ ሴትዮ ነበሩ። ጎመኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወዲያው ኃይለኛ ሳል ያዛቸውና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳሉ እስኪሄዱ ድረስ አልለቀቃቸውም።

ጓድ ተሰማ ዘዴውን ጠየቀኝ። ምን ልበል? ንድፉን አሳየሁት። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ለረዥም ጊዜ ተመለከተው፤ ድልድዩን ሳይቀር። ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር ማዋል ማለት ይህ ነው፣ ሳይንስ ማለት ይህ ነው አለ። የቆርቆሮ ተክሎቼን እያሳየ እነዚያስ ይበላሉ ወይ ቢለኝ፣ በውኃ ቆጣቢነታቸው የታወቁ ናቸው አልኩት። «ቆጣቢ» ብሎ ጻፈ። ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ አለኝ። ዓለምነሽም ጃንጥላዋን ይዛ ፈገግ ማለት ጀምራ ነበር።

ያኔ ጓድ ተሰማ ማሰብ ጀመረ። ቅን ሰው ማሰብ ሲጀምር ነው መፍራት። ይህ መሬት ጽጌረዳ ተጋርቶት በአሥራ አምስት ቀን ይህን የመሰለ ጎመን ካበቀለ፣ ጽጌረዳው ባይኖርበት ምን ሊያበቅል ነው አለ። ምን ብዬ ልከራከረው? ማስረጃውን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ መደቡ ከዛሬ ጀምሮ የቀበሌው የሠርቶ ማሳያ ቦታ እንዲሆን፣ ጽጌረዳዎቹ እስከ ቅዳሜ እንዲነቀሉ ተወሰነ። ምንም ባልተክል ኖሮ ይነቀሉ ነበር። አብልጬ ስለ ተከልኩ ደግሞ ይነቀላሉ። የጋሽ ሸምሱን ችግኝ ብወስድ ግን ቆመው ይቀሩ ነበር። ዓለምነሽን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እሷ ጃንጥላውን ቀስ ብላ አጠፈችው። ከዚያ እኔን ሳይሆን ጓድ ተሰማን አየችና፣ ጽጌረዳው ከሚጣል ለጽሕፈት ቤቱ ግቢ ይሁን፣ እኔ ራሴ አምጥቼ እተክለዋለሁ አለች። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። በዚያ መንገድ እንኳ የማታልፈው ዓለምነሽ! ጓድ ተሰማ እጇን ጨብጦ በሕዝቡ ስም አመሰገናት።

ከእኛ ወጥተው በቀጥታ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ገቡ። በአጥሩ ሽንቁር አየሁ። ጓድ ተሰማ ሃያዎቹ ጉድጓዶች ዘንድ ቆሞ አባት ምን እየሠሩ ነው የሚውሉት ይላቸዋል። ጋሽ ሸምሱ አንዴ ጉድጓዱን፣ አንዴ አጥሩን ያያሉ። አንድ ቃል ቢተነፍሱ እኔ አለቀልኝ። አልተነፈሱም። ቦታ ጾም በማሳደራቸው ተወቀሱ፤ ከጎረቤትዎ ይማሩ ተባሉ፤ ለአንድ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ በእኔ ሥር እንዲሠለጥኑም ተመዘገቡ። አመሻሽ ላይ መጥተው የጠወለጉትን ጎመኖች አንድ በአንድ እያነሡ አዩአቸው። ከእንግዲህ ከእኔ ከጨው በስተቀር ምንም እንዳትዋስ አሉኝ። ከዚያ ጎመኑን ለሁለት ተካፈልነው። ቅዳሜ ችግኛቸውን ይዘው ለሥልጠና መጡ፤ ተማሪው ሲተክል አስተማሪው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጉም ያይ ነበር።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጽጌረዳዎቹን ነቀልን። ሥራቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ወጣን። ዓለምነሽ በወንዙ በኩል አልዞረችም፤ በዋናው መንገድ ፊት ፊቴ ሄደች። ቪላው በር ላይ ስንደርስ ቆመችና እጄን ያዘች። ብንመለስስ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ጓድ ተሰማ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ጉድጓድ ሊያስቆፍር አካፋ ይዞ ጠበቀን። ዓለምነሽ አየችና እዚያ አይሆንም አለች። ከሰዓት በኋላ ጥላ ይወድቅበታል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ያጥለቀልቀዋል አለችው። ከበረንዳው ደረጃ በስተግራ ሦስት እርምጃ ቆጥራ፣ እዚህ ነው፣ ከሥሩ ድንጋይ የለበትም አለች። ተቆፈረ፤ ድንጋይ የለም። ለውኃ ወደ ወንዝ ሰው ሊልኩ ሲሉ ወደ ጓሮ ዞረችና አረም የዋጠውን ቧንቧ ገላልጣ ከፈተችው። ጽሕፈት ቤቱ በጓሮው ቧንቧ እንዳለው ያን ቀን አወቀ። ጓድ ተሰማ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን እንዴት አወቅሽው ብሎ ሲደነቅ፣ አበባ የሚወድ ሰው ግቢ ያያል አለችው። ዞራ አፈሩን በመዳፏ ስትጠቀጥቅ እንባዋ ሲወርድ እኔ ብቻ አየሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጓድ ተሰማ ተነሥቶ ረዥም ንግግር አደረገ። በዚህ ቀበሌ የሕዝብን ንብረት እንደ ራሷ ንብረት የምታይ አንዲት ሴት አለች፤ የግቢውን ጥግ ሁሉ አጥንታ የምታውቅ፣ ለድንጋዩና ለውኃው የምትቆረቆር፣ ለሁላችን ምሳሌ የምትሆን ናት አለ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከነዋሪው መካከል ያ ቤት የማን እንደ ነበረ የማያውቅ አንድም ሰው የለም፤ ከጓድ ተሰማ በቀር። ጋሽ ሸምሱ ከኋላ ወንበር ቀስ ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ፤ እንዲህ ያለ ጭብጨባ በዚያ አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም። በበጋው እሑድ እሑድ ዘበኛው ስለማይገባ አበባው እንዳይደርቅ ተባለና፣ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ የግቢው ቁልፍ ለዓለምነሽ ተሰጣት። ቁልፉ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ለዘበኛው ትመልሰዋለች።

እሑድ እሑድ እንሄዳለን። ጽጌረዳዎቹ አዲሱን ቦታቸውን ወደዱት። ዓለምነሽ አጠጥታ ስትጨርስ በረንዳው ላይ፣ አባቷ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ትቀመጣለች። እኔ ደረጃው ላይ።  ከፊታችን የእንጦጦ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ሰዓቱም የሚሄድ አይመስልም።

አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ። ጓድ ተሰማ ነበር፤ ለአንድ አስቸኳይ ጉዳይ የቀበሌውን ማኅተም ሊወስድ መጥቶ በሩ ከውስጥ ተቆልፎበታል። ዓለምነሽ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ማነው?» አለች። ያን «ማነው» ከእሷ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከውጭ ጓድ ተሰማ ጓድ ማለቱን ረስቶ «እኔ ነኝ፣ ተሰማ» አለ፤ መግባት እችላለሁ ወይ ብሎም ጠየቀ።

«ትንሽ ይቆዩ፤ ጽጌረዳዬን አጠጥቼ ልጨርስ» አለችው።

አጠጥታ ከጨረሰች ግማሽ ሰዓት አልፏት ነበር።